የቧንቧ ማሞቂያ ገመድ ጠቋሚ መብራት፦ ሲበራም ሲጠፋም ጥፋቱን መፈለጊያ መመሪያ

«መብራቱ በርቷል፣ ቧንቧው ግን እንደ በረዶ ቀዝቅዟል፤ ምን ላድርግ?» ወይም ደግሞ «ስፒናውን ሰክቻለሁ፣ መብራቱ አይበራም፤ ገመዱ ተቃጥሎ ይሆን?» ውኃው በረዶ እንዳይሠራ ቧንቧ ላይ ስለሚታሰረው፣ በኤሌክትሪክ ስለሚሞቀው ገመድ ብርድ በገባ ቁጥር ደጋግመው የሚመጡት ጥያቄዎች እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የሁለቱም መልስ የሚነሳው ከአንድ ነገር ነው፦ መብራቱ የሚነግርዎት እሱ በተገናኘበት ነጥብ ላይ ኤሌክትሪክ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። ገመዱ ይሙቅ አይሙቅ አያውቅም። የበራ መብራት አይተው ቢዘናጉ ቧንቧዎ ሊፈነዳ ይችላል፤ የጠፋ መብራት አይተው ገመዱን ቢጥሉት ደግሞ ደህናውን ጥለው ይሆናል።

መመሪያው የተጻፈው ስፒናና ቴርሞስታት (ሲበርድ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኝ፣ ሲሞቅ የሚያቋርጥ ዕቃ) ተገጥሞለት ለሚሸጥ የቤት ገመድ ነው። በቀጥታ ከብሬከር ለተሳበ ትልቅ ሥራ የመለኪያው ክፍል ለኤሌክትሪሻን ይተው።

መብራቱ የት ላይ ነው የተገናኘው?

ከሁሉ በፊት ይህን ይለዩ። ሳይለዩ የሚደረግ ፍተሻ ሁሉ ግምት ነው።

ሀ. ከቴርሞስታቱ በፊት። መብራቱ ስፒናው ውስጥ ወይም አጠገቡ ይሆንና ሶኬቱ ኤሌክትሪክ እስካለው ድረስ በሙቀትም በብርድም ይበራል። መልእክቱ «ሶኬቱ ይሠራል» ነው፤ ከዚያ ወዲያ ምንም አይልም።

ለ. ከቴርሞስታቱ በኋላ። ቴርሞስታቱ ሲያገናኝ ይበራል፣ ሲያቋርጥ ይጠፋል። የቤት ገመድ ቴርሞስታት ብዙውን ጊዜ ቧንቧው ወደ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ያገናኛል፣ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ሲወጣ ያቋርጣል። የእርስዎ ትክክለኛ ቁጥር ከገመዱ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ አለ። እንዲህ ዓይነቱ መብራት ሞቅ ባለ ቀን ቢጠፋ ጤነኛ ነው።

ሐ. በገመዱ ጫፍ። ይህ በአብዛኛው የሚገኘው ሙቀቱን ራሱ በሚያስተካክለው ገመድ ላይ ነው። እዚህ ሁለት አስተላላፊ ሽቦዎች ከመነሻ እስከ ጫፍ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ሲበርድ ብዙ፣ ሲሞቅ ጥቂት ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ጥቁር ፕላስቲክ አለ። የጫፉ መብራት ከበራ ሁለቱም ሽቦዎች ሳይበጠሱ ጫፍ ደርሰዋል ማለት ነው። ከሦስቱ መብራቶች ብዙ የሚናገረው ይህ ነው፤ ቢሆንም እሱም ሙቀት አይለካም።

የበራው መብራት የሚያሳስትበት ምክንያት ይህ ነው። ትንሿ የኒዮን መብራት በፌዝና (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ) በኒውትራል (በሚመልሰው ሽቦ) መካከል ከማሞቂያው ሽቦ ጎን በትይዩ ትገናኛለች፤ የምትወስደው ኤሌክትሪክ ከ1 ሚሊአምፔር አይበልጥም። ማሞቂያው ሽቦ መሃል ላይ ቢበጠስ የእሷ መስመር አይነካምና ምንም እንዳልተፈጠረ ትበራለች። «ለ» ዓይነትም ሆነ «ሀ» እዚህ ላይ ልዩነት የላቸውም።

ወረቀቱ ከጠፋና ዓይነቱን መለየት ካቃተዎት አይጨነቁ፤ ደረጃ 4 ራሱ ይለይልዎታል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የገመዱ ወረቀት፣ ከሌለ ስፒናው አጠገብ የተለጠፈው ምልክት (ቮልት፣ ዋትና ርዝመት የተጻፈበት)
- በሶኬትና በስፒና መካከል የሚሰካ የዋት መለኪያ። አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት የሚችሉ ከሆነ ይህን ይግዙ
- ኦምና ኤሲ ቮልት የሚለካ መልቲሜተር
- እንደሚሠራ በእርግጠኝነት የሚታወቅ የጠረጴዛ መብራት
- የተሰባበረ በረዶና የማያፈስ ፕላስቲክ ከረጢት (2 ቢሆን ይሻላል፣ አንዱን በሌላው ውስጥ ለማድረግ)
- ቴርሞሜትር። በኢንፍራሬድ የሚለካውን ከተጠቀሙ ጥቁር ናስትሮ ይጨምሩ
- የእጅ ባትሪ፣ ደረቅ ጨርቅ፣ እስክሪብቶና ወረቀት
- ገመዱን መልሶ ለማሰር የፋይበርግላስ ፕላስተር ወይም በገመዱ ወረቀት የተፈቀደ ናስትሮ

ማስጠንቀቂያ

የጠፋ መብራት ገመዱ ኤሌክትሪክ የለውም ማለት አይደለም። ማብሪያ ማጥፊያው በስህተት ኒውትራሉን የሚያቋርጥ ከሆነ መብራቱ ይጠፋል፣ ገመዱ ግን ፌዝ እንደያዘ ይቀራል። ኒውትራል መስመር ላይ ብልሽት ሲኖርም እንዲሁ ነው። እጅዎን ወደ ገመዱ ከመስደድዎ በፊት ሁልጊዜ ስፒናውን ይንቀሉ፤ ማጥፊያውን መጫን አይበቃም።

ወለሉ ላይ ውኃ ተኝቶ ከሆነ ወደ ስፒናው አይሂዱ። መጀመሪያ ደረቅ ቦታ ላይ ሆነው ብሬከሩን ያውርዱ።

የቀለጠ፣ የተቃጠለ ወይም የሚሸት ገመድ አይፈተሽም። ነቅለው ያስወግዱት።

ገመዱ የሚሰካበት መስመር ወደ ኤርዝ (መሬት) የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክን ለይቶ የሚያቋርጥ መከላከያ (አርሲዲ፣ ብዙ ጊዜ 30 ሚሊአምፔር) ሊኖረው ይገባል። መከላከያው ደጋግሞ ከወረደ ደጋግመው አያንሱት፤ ደረጃ 7ን ይመልከቱ።

ቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ ቀድሞ በረዶ ከሠራ ከመብራቱ በፊት የውኃው ዋና መዝጊያ ይቀድማል። ይዝጉትና በዚያ መስመር ላይ ያለውን የውኃ መክፈቻ ይክፈቱ። የተሰነጠቀ ቧንቧ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ አያፈስም፤ ገመዱ መሥራት ሲጀምር ውኃው ይገነፍላል፣ እርስዎም በዚያ ሰዓት እጅዎ ገመዱ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ሶኬቱን ለብቻው ይፈትሹ

የገመዱን ስፒና ነቅለው የጠረጴዛ መብራቱን እዚያው ሶኬት ላይ ይሰኩ። ካልበራ ችግሩ ከገመዱ በላይ ነው፦ የወረደ ብሬከር፣ የወረደ አርሲዲ፣ የተረሳ ማጥፊያ ወይም የላላ ሶኬት። ብሬከሩን ወይም አርሲዲውን የሚያነሱት ገመዱ ተነቅሎ ሳለ ይሁን። ገመዱ ሳይሰካ ሳይወርድ ከቆየና ገመዱን ሲሰኩ ወዲያው ከወረደ ጥፋተኛው ገመዱ ስለሆነ በቀጥታ ወደ ደረጃ 7 ይለፉ።

የጠረጴዛው መብራት ከበራ ቮልቴጁንም ይለኩ። የቋሚ ዋት ገመድ (ሲሞቅም ሲበርድም ጉልበቱን ራሱ የማይለውጠው ገመድ) ጉልበት ከቮልቴጁ ጋር በካሬ ነው የሚወርደው፤ ለ230 ቮልት የተሠራ ገመድ 200 ቮልት ቢያገኝ ከጉልበቱ የሚቀረው 76 በመቶ ያህል ነው። መብራቱ ይበራል፣ ገመዱም ለብ ይላል፣ ቧንቧው ግን በብርቱ ብርድ ሊረታ ይችላል። ረጅምና ቀጭን ኤክስቴንሽን ቮልቴጁን ይበልጥ ይጥለዋል፤ መገጣጠሚያውም እርጥበት የሚገባበት ቀዳዳ ነው። ኤክስቴንሽን ካለ አውጥተው ገመዱን በቀጥታ ሶኬት ላይ ይሰኩ።

ደረጃ 2፦ ነቅለው በዓይን ይከተሉት

ከስፒናው ይጀምሩና እስከ ጫፉ ድረስ በባትሪ ብርሃን ይሂዱ። የስፒናው እግር ቡናማ ወይም ጥቁር ከሆነ ሶኬቱ ላልቶ ሲሞቅ ቆይቷል፤ ሶኬቱም ስፒናውም ለአደጋ ቀርበዋል። በመንገድዎ ላይ የአይጥ ጥርስ ምልክት፣ በፋሻታ ወይም በሽቦ የተጨፈለቀ ቦታ፣ ግድግዳ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የተፋቀ ላስቲክ፣ ቀለሙ የተለወጠ ክፍል ይፈልጉ። የጫፉ መዝጊያ ክዳን ስንጥቅ ካለው ውኃ የሚገባው በዚያ ነው።

ገመዱ ራሱን የተሻገረበት ቦታ ካለ ቆም ይበሉ። ቋሚ ዋት ገመድ በየሜትሩ የተወሰነ ሙቀት ያወጣል፣ ሞቀ ብሎ አይቀንስም። ሁለት ዙር ከተደራረበ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ላስቲኩን ይበላል። የውስጡ ሽቦ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው እዚያ ነጥብ ላይ ነው። ራሱን የሚያስተካክለው ገመድ መደራረብን ይችላል፤ ቢሆንም ወረቀቱ ካልፈቀደ አያድርጉት።

አሁን የቴርሞስታቱን ቦታ ይዩ። ቴርሞስታቱ በጠፍጣፋ ጎኑ ቧንቧው ላይ ተጣብቆ፣ መስመሩ እጅግ በሚበርድበት ጫፍ፣ ከሙቀት መጠበቂያው ልባስ ሥር መቀመጥ አለበት። ሞቃት ክፍል ውስጥ ተንጠልጥሎ ከቀረ ውጭ ያለው ቧንቧ በረዶ እየሠራ እሱ «ሙቀት ነው» ብሎ ያቋርጣል፤ መብራቱ ጠፍቶ ይቀራል። ከልባሱ ውጭ ለነፋስ ተጋልጦ ከሆነ ደግሞ ቀን ከሌት ያገናኛል። የማሞቂያው ገመድ በላዩ ካለፈም በገዛ ገመዱ ሙቀት ተታሎ ቶሎ ያቋርጣል። ተበላሸ ከተባለው ቴርሞስታት ብዙው በዚህ የሚስተካከል ስለሆነ ቦታውን ሳያዩ ቴርሞስታቱን አይክሰሱት።

ደረጃ 3፦ የቧንቧውን ሙቀት ይለኩ

ስልክዎ ላይ የሚያዩት የአየር ሙቀት እዚህ አይረባም፤ ቴርሞስታቱ የሚያውቀው የተቀመጠበትን ቧንቧ ነው። ቴርሞሜትሩን ከቴርሞስታቱ አጠገብ ቧንቧው ላይ ያድርጉ። የኢንፍራሬድ መለኪያ የሚያብረቀርቅ መዳብ ላይ የተሳሳተ ቁጥር ስለሚሰጥ መጀመሪያ ጥቁር ናስትሮ ለጥፈው እሱ ላይ ያነጣጥሩ።

ከ10 ዲግሪ በላይ ካነበቡና የ«ለ» መብራት ጠፍቶ ከሆነ የተበላሸ ነገር የለም። ከ3 ዲግሪ በታች ሆኖ ከጠፋ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይሂዱ። ሰዎችን የሚያደናግረው በመካከል ያለው ነው። ቧንቧው 6 ዲግሪ ቢሆን መብራቱ በርቶም ጠፍቶም ሊያገኙት ይችላሉ፣ ሁለቱም ልክ ነው። እየበረደ ሲወርድ ከሆነ ገና አላገናኘም፤ እየሞቀ ሲወጣ ከሆነ ገና አላቋረጠም። ይህ ክፍተት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ባይኖር ኖሮ ቴርሞስታቱ በየደቂቃው ሲያገናኝና ሲያቋርጥ ነጥቦቹን ያቃጥል ነበር።

ደረጃ 4፦ የበረዶ ፈተና

ዋናው ፈተና ይህ ነው። ገመዱ ቧንቧው ላይ እንደተገጠመ ይደረግ። ከካርቶን የወጣ አዲስ ገመድ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ዘርግተው፣ ራሱን ሳይነካ፣ በማይቀጣጠል ወለል ላይ ያድርጉት፤ የተጠቀለለ ገመድ ላይ ኤሌክትሪክ መልቀቅ እሳት መጥራት ነው።

1. ስፒናው ተነቅሎ ሳለ የተሰባበረ በረዶ ከጥቂት ውኃ ጋር በከረጢት ውስጥ አድርገው አፉን አጥብቀው ይሰሩ። ውኃው የሚያስፈልገው በረዶው ቴርሞስታቱን በደንብ እንዲያቅፍ ነው፤ ደረቅ በረዶ ብቻ በነጥብ በነጥብ ነው የሚነካው።
2. ከረጢቱን ቴርሞስታቱ ላይ ጠቅልለው በጨርቅ ያስሩ። ቴርሞስታቱን ውኃ ውስጥ አይንከሩት። ስፒናውና ሶኬቱ ፍጹም ደረቅ ይሁኑ፤ ቴርሞስታቱ ከስፒናው ጋር አንድ አካል በሆነበት ገመድ ላይ ይህን ፈተና አያድርጉ።
3. ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቁ። የቴርሞስታቱ ፕላስቲክ ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ያለው ብረት ቶሎ አይበርድም። በ5 ደቂቃ «አልሠራም» ብሎ መተው የዚህ ፈተና ዋና ስህተት ነው።
4. የዋት መለኪያውን ሶኬቱ ላይ፣ የገመዱን ስፒና ደግሞ መለኪያው ላይ ይሰኩ። መብራቱንም ዋቱንም ይመዝግቡ።
5. በረዶውን አንሥተው ለብ ያለ (25 ዲግሪ ገደማ፣ የማያቃጥል) ውኃ የያዘ ከረጢት ይተኩ። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይመዝግቡ።

አሁን የጻፉትን ያንብቡ፦

- በበረዶ ዋት አለ፣ በለብታ ዋቱ 0 ነው፦ ቴርሞስታቱ ጤነኛ ነው። መብራቱ ከዋቱ ጋር አብሮ ከጠፋ «ለ»፣ በርቶ ከቀረ «ሀ» ዓይነት ነው ያለዎት።
- ዋቱ እንደተባለው ይወጣል ይወርዳል፣ መብራቱ ግን ጨርሶ አይበራም፦ የሞተችው ትንሿ መብራት ብቻ ናት። ገመዱ ይሠራል።
- በበረዶም በለብታም ዋት 0፣ መብራቱ ግን በበረዶ ጊዜ ይበራል፦ ማሞቂያው ሽቦ ተበጥሷል፣ ወይም መብራቱ «ሀ» ሆኖ ቴርሞስታቱ አያገናኝም። በሁለቱም ቢሆን ገመዱ አይሞቅም።
- በለብታም ሙሉ ዋት ይነበባል፦ የቴርሞስታቱ ነጥቦች ተጣብቀዋል። ወዲያውኑ ነቅለው ከአገልግሎት ያውጡት፤ በሞቃት ቀን ልባስ ውስጥ ሆኖ ያለማቋረጥ የሚሞቅ ገመድ ፕላስቲክ ቧንቧ ያለሰልሳል፣ ራሱንም ያቀልጣል።

የኒዮኗ ፍጆታ ከዋት መለኪያው ንባብ በታች ስለሆነ እሷ በርታ መለኪያው 0 ቢል አይገረሙ።

ደረጃ 5፦ ዋቱን ከምልክቱ ጋር ያስተያዩ

ቁጥር ይዘን እንሂድ። ምልክቱ 230 ቮልት፣ 96 ዋት፣ 6 ሜትር ይላል እንበል። ይህ በሜትር 16 ዋት ነው። የሚጠበቀው አምፔር 96 ሲካፈል ለ230፣ ማለትም 0.42 ያህል ነው። የዋት መለኪያው ከ96 ብዙ ሳይርቅ ካነበበና ቮልቴጁ ልክ ከሆነ ማሞቂያው ሽቦ ሙሉ ነው። በ120 ቮልት መስመር የሚሠራ ገመድ ካለዎት የራሱን ምልክት ቁጥር ያስገቡ፤ ሒሳቡ አይለወጥም።

ግማሹን ወይም ሲሦውን ብቻ ካነበቡ የገመዱ አንድ ክፍል ቆሟል። ይህ የሚሆነው ብዙ አጫጭር ማሞቂያ ክፍሎች በትይዩ በተሰለፉበት ገመድ ላይ ነው። አንድ ሽቦ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደርሶ በሚመለስበት ገመድ ላይ ግን ግማሽ የሚባል ነገር የለም፤ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ሁሉም ይቆማል።

ራሱን የሚያስተካክለውን ገመድ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች አይፍረዱት። ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሣ ከምልክቱ በላይ ይስባል፣ እየሞቀ ሲሄድ ይቀንሳል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይተው ያንብቡ። ምልክቱ ላይ ያለው ዋትም በተወሰነ የቧንቧ ሙቀት ላይ የተለካ ነው (ብዙ ጊዜ 10 ዲግሪ)፤ ሞቃት ቧንቧ ላይ ከዚያ ማነሱ ጥፋት አይደለም።

ደረጃ 6፦ በኦም ማረጋገጥ

የዋት መለኪያ ከሌለዎት ወይም ውጤቱን ማረጋገጥ ከፈለጉ ነው ይህ የሚያስፈልገው። ስፒናው ከሶኬት ተነቅሎ፣ በረዶው ግን ቴርሞስታቱ ላይ እንዳለ ይሁን። ያለ በረዶ ከለኩ ቴርሞስታቱ ስላቋረጠ መልቲሜተሩ ክፍት መስመር ያሳይዎታል፣ እርስዎም ደህናውን ገመድ «ተበጥሷል» ይላሉ።

በስፒናው ሁለት የኃይል እግሮች መካከል ይለኩ። የሚጠበቀው ቮልት በቮልት ተባዝቶ ለዋት ሲካፈል ነው፤ ለምሳሌያችን 230 ጊዜ 230 ሲካፈል ለ96፣ ወደ 551 ኦም። ከዚህ ብዙ ካልራቀ ደህና ነው። ክፍት መስመር ካሳየ ተበጥሷል ወይም ቴርሞስታቱ አላገናኘም፤ ወደ 0 ከቀረበ ሾርት ነው። ራሱን ለሚያስተካክል ገመድ ይህ ሒሳብ አይሠራም፤ ኦሙ ከሙቀቱ ጋር ይለዋወጣል። ቴርሞስታቱ ኤሌክትሮኒክ ከሆነም ያለ ኃይል አያገናኝምና በደረጃ 5 ውጤት ይመኑ።

ቀጥሎ ከእያንዳንዱ የኃይል እግር ወደ ኤርዙ እግር ይለኩ። እዚህ ክፍት መስመር ብቻ ነው ተቀባይነት ያለው። ማንኛውም የኦም ቁጥር ከወጣ ኤሌክትሪክ ወደ ኤርዝ የሚያልፍበት መንገድ አለና ገመዱ መልሶ አይሰካም። ክፍት መስመር ማሳየቱ ግን ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ መልቲሜተር የሚለካው በጥቂት ቮልት ነው፣ ትንሽ ስንጥቅ የሚታየው በከፍተኛ ቮልቴጅ ነው።

ደረጃ 7፦ መከላከያው የሚወርድ ከሆነ

አርሲዲ ሲወርድ መብራቱም አብሮ ይጠፋል፣ ስለዚህ ብዙ ሰው «መብራቱ ሞተ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ውኃ ነው፦ በጫፉ ክዳን፣ በተቆረጠ ላስቲክ፣ ወይም በስፒናው ውስጥ። በዝናብ ወይም በረዶ ሲቀልጥ ብቻ የሚወርድ ከሆነ እርጥበት ስለመሆኑ አይጠራጠሩ።

ስፒናውንና ሶኬቱን ያድርቁ፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክሩ። ደግሞ ከወረደ ገመዱ ያበቃለት ነው። አንዳንዴ ገመዱ ጥቂት ሲሞቅ እርጥበቱ ተንኖ መከላከያው መውረዱን ይተዋል፤ ይህ ጥገና አይደለም፣ ስንጥቁ ያው አለና በሚቀጥለው ዝናብ ይመለሳል። አርሲዲውን በተራ ብሬከር መተካት ደግሞ ሕይወት የሚያስከፍል ነገር ነው፤ የብረት ቧንቧ በቤቱ ሁሉ ያለፈ አስተላላፊ ነው።

የኢንሱሌሽን መለኪያ (የሽቦውን ሽፋን በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈትን መሣሪያ) ያለው ባለሙያ ሁለቱን የኃይል እግሮች አንድ ላይ ይዞ ከኤርዙ ጋር ይለካል፤ ብዙ አምራቾች ዝቅተኛ ወሰን የሚያደርጉት 20 ሜጋኦም ነው። ኤሌክትሮኒክ ቴርሞስታት ያለበት ገመድ ላይ ግን አምራቹ ሳይፈቅድ ይህ አይደረግም፤ ከፍተኛው ቮልቴጅ ቴርሞስታቱን ይገድለዋል።

ደረጃ 8፦ የቆመውን ክፍል በሙቀት ማግኘት

ደረጃ 5 ላይ ከፊል ዋት ካነበቡ፣ ወይም የመነሻው መብራት በርቶ የጫፉ ከጠፋ፣ በበረዶው እያሠሩት 30 ደቂቃ ይቆዩ፣ ከዚያ ስፒናውን ነቅለው ወዲያው ቴርሞሜትሩን በየግማሽ ሜትሩ በልባሱ ሥር ያስገቡ። የገመዱ ውጭ ደረቅና ያልተጎዳ መሆኑን ካላረጋገጡ በባዶ እጅ አይዳስሱት። ሙቀቱ የሚቆምበት ቦታ የጥፋቱ ቦታ ነው። ከስፒናው ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ክፍል የማይሞቅ መነሻ ገመድ ስለሆነ እዚያ ቅዝቃዜ ቢያገኙ የተሠራውም እንዲሁ ነው።

እስከ ጫፍ ድረስ ሁሉም ከሞቀና የጫፉ መብራት ብቻ ከጠፋ የሞተችው መብራቷ ናት።

ደረጃ 9፦ የሚርገበገብ መብራት

ኒዮን ሲያረጅ መስተዋቷ ከውስጥ ይጠቁራል፣ ብርሃኗም ይርገበገባል። ዋቱ ጸንቶ መብራቷ ብቻ ከተርገበገበች ይተዉአት። ዋቱም አብሮ ከዘለለ ግን ግንኙነቱ ላልቷል፦ ስፒናውን በቀስታ ያነቃንቁ፣ ሌላ ሶኬት ላይም ይሞክሩ። ሶኬቱን ሲለውጡ ከቆመ ሶኬቱን ያስቀይሩ። ከተከተለዎት ስፒናው ወይም ቴርሞስታቱ ውስጥ ነውና ገመዱ ይወጣል። ማጥፊያ በተዘጋበት ጊዜ ፈዝዛ የምትበራ መብራት ደግሞ ጎን ለጎን በሚሄዱ ረጃጅም ሽቦዎች መካከል ከሚያልፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ ልትበራ ትችላለች፤ ነገር ግን ማጥፊያው ኒውትራሉን እያቋረጠ ሊሆንም ስለሚችል በኤሌክትሪሻን ያስፈትሹት።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ተበጥሷል የተባለውን ቋሚ ዋት ገመድ ቆርጦ፣ ሽቦውን ጠምዝዞ፣ በናስትሮ መጠቅለል። አንድ ሽቦ ብቻ ያለው ገመድ ሲያጥር ኦሙ ይቀንሳል፣ የሚስበው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፤ መገጣጠሚያውም ውኃ ያስገባል። ይህ ገመድ አይጠገንም፣ ይቀየራል። በርዝመት ተቆርጦ የሚሸጠው ራሱን የሚያስተካክል ገመድ ብቻ ነው በአምራቹ የመገጣጠሚያ ዕቃ የሚቀጠለው።

ቧንቧው ስለበረደ ልባስ ላይ ልባስ መደረብ። ለቋሚ ዋት ገመድ የልባሱ ውፍረት ወሰን አለው፤ ብዙ ወረቀቶች 13 ሚሊሜትር ፋይበርግላስ ይላሉ። ከዚያ ካለፈ ገመዱ ሙቀቱን መጣያ ያጣል። ልባሱ በስብሶ ከሆነ ግን በደረቅ ይቀይሩት፤ እርጥብ ልባስ ሙቀት አይይዝም፣ ደህናው ገመድም ሲለፋ ያድራል።

ገመዱን በሽቦ ወይም በብረት ፋሻታ ማሰር፤ በየጊዜው ሲሞቅና ሲበርድ ብረቱ ላስቲኩን ይቆርጠዋል።

ሽቦውን ሳይነካ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚጠቁም ቴስተር ገመዱ አጠገብ ሲጮህ «ይሠራል» ብሎ መዝጋት። ቴስተሩ ያገኘው ፌዙን ነው፤ ኒውትራሉ ወይም ማሞቂያው ሽቦ ተበጥሶም ይጮሃል።

ገመዱን የሚቀይሩ ከሆነ

አሮጌውን ሲያወጡ ስፒናውን ቆርጠው ይጣሉት፤ ሌላ ሰው አግኝቶ መልሶ እንዳይሰካው። አዲሱን ከመግጠምዎ በፊት ኦሙን ይለኩ (ቴርሞስታቱ በበረዶ ሆኖ)፣ ከገጠሙ በኋላም ይድገሙ፤ ልዩነት ካለ የተጎዳው በመግጠም ላይ ነው። ገመዱን በየ30 ሴንቲሜትሩ ገደማ በፕላስተር ቧንቧው ላይ ያጣብቁ። ቧንቧው ፕላስቲክ ከሆነ ወረቀቱ መፍቀዱን ያረጋግጡ፤ ከሥር የአልሙኒየም ፕላስተር ከተነጠፈ ሙቀቱ በዙሪያው ይሰራጫል።

ልባሱን ከማልበስዎ በፊት የበረዶውን ፈተና አንድ ጊዜ ያድርጉ፤ ያነበቡትን ዋት፣ የቮልቴጁን መጠን፣ መብራቱ «ሀ»፣ «ለ» ወይም «ሐ» መሆኑንና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ሶኬቱ አጠገብ ይለጥፉ። ገመዱ ጥርጣሬ ባሳደረበት ቀን የሚያስተያዩት ቁጥር እሱ ነው።